ከአስታማሚ ጋር ይምጡ፦ የአእምሮ ሕክምናን በባዕድ አገር ስለተማሩ አፍሪካውያን

ፋኩልቲው ይህን ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርእስ ስለ ነጻ ትምህርት ዕድልና ስለ ጤና ሙያ በአፍሪካ የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው፤ አንድ ከሰዓት አይበቃውም። ስለዚህ በመጠኑ ከመረመርሁትና በከፊልም ከኖርሁት አንዱን ጥግ ብቻ ልያዝ፦ የሰውን አእምሮ ማከም ለመማር ባሕር ተሻግረው የሄዱ ሰዎችን ታሪክ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የታሪክ መምህር ከራሱ መጀመር የለበትም ይባላል። ለዛሬ ይቅር በሉኝ። እኔ ወደ ታሪክ ጥናት የመጣሁት ዘግይቼ ነው፤ በመጀመሪያ ሙያዬ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበርሁ። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ጥቂት ዓመታት ካገለገልሁ በኋላ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እንድሠራ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ለንደን ሄድሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህራችን አንድ ወረቀት አደሉን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ መጠይቅ ነው። ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች ወደየቋንቋችን እንድንተረጉመው ታዘዝን። ራስ ምታት አለብህ? እንቅልፍ ትነሣለህ? በቀላሉ ትደነግጣለህ? እነዚህ አላስቸገሩኝም። ከዚያ ስለ ሆድ የሚጠይቀው መጣ፤ በሆድህ ውስጥ ደስ የማይል ስሜት ይሰማሃል ወይ ይላል።

እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ። ጠያቂው የፈለገው ጨጓራን ነው፤ ጭንቀት በአካል ላይ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ሊያውቅ። በአማርኛ ግን ሆድ ጨጓራ ብቻ አይደለም። ሰው ሆዱ ይባባል፤ ይከፋዋል፤ ሆዱ ይሸሻል፤ ሆዱ ይቆርጣል፤ በሆዱ ይይዛል። በተለይ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ያለ ሰው የጨጓራ መድኃኒት አይሻም። ይህን ለመምህሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርሁ። እርሳቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «እንግዲያውስ በየትኛው ዓምድ እንደሚቈጠር አንተ ንገረን» አሉኝ። አልነገርኋቸውም፤ አላውቅም ነበርና።

ኅዳር ሲገባ ለንደን ከአሥር ሰዓት በኋላ ይጨልማል። አንድ ገጽ አምስት ጊዜ አንብቤ አንድ ዐረፍተ ነገር የማልይዝበት ሰሞን መጣብኝ። አንድ ሌሊት ያችን የሃያ ጥያቄ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁና ራሴን ጠየቅሁ፤ «አዎ» ያልሁባቸውንም ቈጠርሁ። ቍጥሩን ዛሬም አልናገርም። ወደ ተማሪዎች የሥነ ልቡና አማካሪ ግን አልሄድሁም። በየመንፈቁ ስለ ትምህርቴ ሂደት ለላከኝ ክፍል የሚጻፍ ሪፖርት አለ፤ ስሜ በዚያ ወረቀት ላይ በሌላ ምክንያት እንዳይነሣ ፈራሁ። እናቴም በስልክ ስትጠይቀኝ «ደኅና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ» እላት ነበር። ከእኛው ክፍል ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ አንድ ወዳጄ ከእኔ ይልቅ ተጐዳ። ክፍሉን ዘግቶ ሰነበተ፤ ኋላም ዲግሪውን ሳይይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁለታችንም የሌላውን ሰው ጭንቀት መለየት እየተማርን ነበር፤ አንዳችን ለሌላው ግን አልተናገርንም።

ከዚያ በኋላ ነው በቤተ መጻሕፍቱ የቆዩ የሕክምና መጽሔቶችን ማገላበጥ የጀመርሁት። ከእኛ በፊት የሄዱት እንዴት እንደሆኑ ማወቅ ፈለግሁ። የቶማስ አዴዮዬ ላምቦን ስም ያገኘሁት እንዲሁ ስፈልግ ነው።

ላምቦ በ1923 በናይጄሪያ አቤኦኩታ ከተማ ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በ1948 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ አገራቸው ገብተው ጥቂት ካገለገሉ በኋላም ተመልሰው ለንደን ላይ በአእምሮ ሕክምና ሠለጠኑ። የሠለጠኑበትን ዘመን ልብ በሉልኝ። በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አፍሪካዊው አእምሮ ጤናና ሕመም የሚያትት መጽሐፍ አሳተመ። ጸሐፊው በናይሮቢ በማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል የሠሩት ጄ. ሲ. ካሮዘርስ ናቸው። ካሮዘርስ ከዚያ ቀደም ብሎ ባወጡት ጽሑፍ ጤነኛውን አፍሪካዊ የአንጎሉ የፊት ክፍል ትስስር በቀዶ ሕክምና ከተቋረጠበት አውሮፓዊ ጋር አመሳስለውት ነበር። ይህ የአንድ ሰፋሪ የቡና ወሬ አልነበረም፤ በተከበረ መጽሔት የወጣ፣ በዓለም አቀፍ ድርጅት ማኅተም የጸና «ዕውቀት» ነበር። እንግዲህ አንድ ወጣት ናይጄሪያዊ ሐኪም አእምሮን ማከም የተማረው የራሱ ወገን አእምሮ እንዲህ በሚጻፍበት ሰሞንና በዚያው ቋንቋ ነው።

ላምቦ ለካሮዘርስ ዐይነቱ አስተሳሰብ በጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል፤ በ1955 በዮሩባ ሕዝብ መካከል ስለሚታይ የመጠራጠር ሕመም ያወጡት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን በሥራ የሰጡት መልስ ነው። በ1954 በአቤኦኩታ አቅራቢያ በአሮ የተመሠረተውን የአእምሮ ሆስፒታል እንዲመሩ ተሾሙ። ሲደርሱ ሕንፃው ገና አላለቀም። ሌላ ሰው ቢሆን ግንበኛው እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር። እርሳቸው በአካባቢው ወዳሉት መንደሮች ሄዱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩ። ሕመምተኞቹ በመንደሩ ቤት ተከራይተው ይደሩ፤ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ይታከሙ፤ ሲመሽ ይመለሱ። አንድ ግዴታ ነበረው፦ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ቢያንስ አንድ ዘመድ ይዞ መምጣት አለበት። ዘመዱ ያበስልለታል፣ ልብሱን ያጥብለታል፣ ወደ ሆስፒታሉ ያደርሰዋል፣ አብሮት ያድራል።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ለዚህ ሰው እኛ ስም አለን፤ አስታማሚ ይባላል። የትኛውም የኢትዮጵያ ሆስፒታል በር ላይ ብትቆሙ በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ካርድ ይዞ የሚሮጠው እርሱ ነው። በለንደን ስማር የሕሙማን ክፍል ሥርዐትን የሚያስረዳ ትምህርት ወስጄ ነበር፤ ዘመድ በዚያ ውስጥ የተነሣው «የጉብኝት ሰዓት» በሚለው ርእስ ሥር ነው። ላምቦም የተማሩት ከዚያው ወግ ነው። የተማሩትን አልጣሉም፤ በአሮ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናና በዚያው ዘመን የወጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ይሰጡ ነበር። ነገር ግን በተማሩት ሥርዐት ውስጥ መግቢያ ያልነበረውን ሰው በዋናው በር አስገቡት።

ባህላዊ ፈዋሾችንም በሆስፒታሉ ደመወዝ ቀጥረዋል፤ የሕመምተኞቹን ማኅበራዊ እንቅስቃሴ እንዲመሩ፣ ሰዎቹ ስለ ሕመማቸው የሚያምኑትንም ለሐኪሙ እንዲያስረዱ። በዚህ ነጥብ ላይ ወጣት ተማሪዎቼ ቶሎ ይሞቃቸዋል፤ «እንግዲያው ጸበልና ሐኪም አብረው ይሥሩ ማለት ነው» ይሉኛል። ቀስ በሉ። ላምቦ የሕክምናውን ሥልጣን ለፈዋሾች አላስረከቡም፤ የሥራ ድንበራቸውን የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። በእኛም አገር በጸበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ የከረመ ሰው ያከመ ባለሙያ ነገሩን በደስታ ብቻ አያወራውም። የአሮ መንደርም ቢሆን በመጀመሪያ መልኩ አልዘለቀም። ከታሪክ የምንማረው ለመቅዳት ከሆነ መከራችን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ እገባለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ናይጄሪያ ለነጻነት ስትዘጋጅ ብዙ ወጣቶቿን ወደ ብሪታንያና ወደ አየርላንድ ትልክ ነበር። የተላኩት ተማሪዎች ችግር መንግሥትን አሳሰበና ጥናቱ ለላምቦ ተሰጠ፤ በሁለቱ አገሮች ስላሉ የናይጄሪያ ተማሪዎች ማኅበራዊና የጤና ችግር ያዘጋጁት ሪፖርት በ1960 ታተመ። ከዐሥር ዓመት በፊት በዚያው አገር የውጭ ተማሪ የነበሩት ሰው አሁን መርማሪ ሆነው ተመለሱ። እኔ ይህን ወረቀት የዘርፉ ሁሉ መስተዋት አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ አእምሮን ለመመርመር የተላከ ሰው የተላኩትን አእምሮ እንዲመረምር ዳግመኛ ተላከ።

በዚያው ዓመት ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ሬይመንድ ፕሪንስ የሚባሉ በናይጄሪያ ይሠሩ የነበሩ ካናዳዊ የአእምሮ ሐኪም በናይጄሪያ ተማሪዎች ዘንድ ስላዩት ሕመም ጻፉ። ተማሪው ራሱን ያቃጥለዋል፣ በጭንቅላቱ ላይ አንዳች ነገር የሚሄድ ይመስለዋል፣ ያነበበው አይገባውም፣ የገባውንም አያስታውስም፣ ዐይኑ ይፈዝበታል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ሕመሙን በእንግሊዝኛ «ብሬይን ፋግ» ይሉታል፤ የአንጎል መዛል እንደ ማለት ነው። ፕሪንስ በአንድ በኩል በማኅበር የሚኖር፣ በቃል የሚማር ማኅበረሰብን፣ በሌላ በኩል ብቻውን በመጽሐፍ ላይ የሚታገል ተማሪን አስቀመጡና ሕመሙን ከዚህ ግጭት ጋር አያያዙት። ስያሜው እየተቀባበለ ሄዶ በ1994 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ አራተኛ እትም ዐባሪ ውስጥ ከባህል ጋር የተቈራኙ ሕመሞች ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ሆነ። የምዕራብ አፍሪካ ተማሪ የራሱ ሕመም አገኘ ማለት ነው።

ቆይቶ ግን የታሪክ ሰነድ ያገላበጡ ሰዎች አንድ ነገር አገኙ። ስያሜው ናይጄሪያ አልተወለደም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ብሪታንያ ብዙ በማጥናትና በአእምሮ ሥራ የዛሉ ሰዎች ሕመም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ቃሉ ከእንግሊዝኛው ትምህርት ጋር ወደ አፍሪካ ተጓዘ፤ በተነሣበት አገር ተረሳ፤ አፍሪካ ላይ ሲገኝ ደግሞ እንደ አገሬው ልዩ ሕመም ተመዝግቦ ተመለሰ። በኅዳሩ ጨለማ አንድ ገጽ አምስት ጊዜ ያነበብሁት እኔ በዚያ መዝገብ በየት በኩል እንደምመደብ አስቡ፤ ጥቁር ተማሪ ስለሆንሁ በዐባሪው፣ ወይስ ለንደን ስለነበርሁ በዋናው ገጽ?

ላምቦ በኅዳር 1961 በአቤኦኩታ የመጀመሪያውን የመላ አፍሪካ የአእምሮ ሕክምና ጉባኤ ጠሩ። ከሱዳን የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም ቲጃኒ ኤል ማሂም የዚሁ ትውልድ ሰው ነበሩ፤ እንግሊዝ ሠልጥነው በ1950 በሰሜን ካርቱም ክሊኒክ ከፈቱ። ላምቦ ኋላ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ሆነው ሠሩ፤ ከ1973 እስከ 1988 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ምክትል ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። የካሮዘርስን መጽሐፍ ያሳተመው ድርጅት መሆኑን ታስታውሳላችሁ።

ፍራንዝ ፋኖንን ሳልጠቅስ ባልፍ ከመካከላችሁ አንዱ መጠየቁ አይቀርም። ፋኖን ከማርቲኒክ መጥተው በሊዮን ተማሩና በ1953 አልጄሪያ ውስጥ በብሊዳ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ፈረንሳይ የተማሩትን ማኅበራዊ ሕክምና፣ ማለትም ስብሰባውን፣ በዓሉን፣ የሕሙማን ጋዜጣውን በአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ሲሞክሩት ሠራ፤ በሙስሊም ወንዶች ክፍል ወደቀ። በ1954 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ስሕተቱ የራሳቸው እንደነበር አምነዋል። ዐረብኛ አይችሉም ነበር፤ በአስተርጓሚ ነበር የሚያነጋግሩት። መፍትሔ ብለው ከሞከሩት አንዱ በሆስፒታሉ ውስጥ የቡና ቤት መክፈት ነው። ስለ ፋኖን የፖለቲካ ሰውነት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ይህቺን የቡና ቤት ታሪክ እወዳታለሁ።

ወደ አገራችን ልምጣ። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ቦታ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የሚባሉ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም አዲስ አበባ መጥተው ይሠሩና ያስተምሩ ነበር። ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ያኔ ግዮን ትባል በነበረችው በወሊሶ ስለ እምነት ፈውስና ስለ ዛር ያደረጉት ጥናት በ1968 ታትሟል። ጽሑፉ ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሰውን አይንቅም። የታተመው ግን በእንግሊዝኛና በውጭ መጽሔት ነው፤ ወሊሶ ያለ ጤና ረዳት ያነበበው አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ሁሉ መሄድ ነበረበት። ከሄደው ብዙው ቀረ። ይህን ስል የቀሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከነበረው መከራ ማን ለምን እንደቀረ መዝኖ የሚፈርድ ሚዛን የለኝም።

ሌላ ዐይነት መሄድ የተጀመረው በቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ጣቢያ አቋቋመ። በዚህ ትስስር የኢትዮጵያ ሐኪሞች መረጃውን አገራቸው እየሰበሰቡ፣ ለመተንተንና ለመጻፍ ስዊድን እየሄዱ፣ እየተመለሱ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። አታላይ ዓለም በ1997 ኡሜዮ ላይ ያቀረቡት የመመረቂያ ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጭንቀት፣ ራስን ስለ ማጥፋት ሙከራ፣ ስለ ጫትና ስለ አልኮል ነበር። መስፍን አርአያ በ2007 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከጦርነት በኋላ ስለተፈናቀሉ ሰዎች አእምሮና ኑሮ ጻፉ። ዲግሪው የስዊድን ነው፤ ጥያቄው የቡታጅራ፣ የተፈናቃዩ መጠለያ ነው።

ከቡታጅራ ጥናቶች አንዱን ብቻ ላንሣ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ። ይህ ቍጥር በዓለም ደረጃም ትልቅ ነው። ነገር ግን አጥኚዎቹ በዓለም አቀፉ ቃለ መጠይቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ የየአካባቢውን ነገር ዐዋቂዎችም «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ አለ?» እያሉ ጠየቁ። ለማያውቀው ሰው ጠያቂ በር ከፍቶ የማይናገረውን ሕመም ጎረቤት ያውቀዋል። ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። አሁንም ያው አስታማሚ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በጥናት ዘዴ ክፍል ውስጥ።

በ2003 ደግሞ መንገዱ ራሱ ተገለበጠ። ያኔ ከ70 ሚሊዮን በሚበልጠው ሕዝብ መካከል የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን አገር ውስጥ ጀመረ። ሠልጣኙ አይሄድም፤ መምህሩ ይመጣል። ከቶሮንቶ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ወር፣ ሁለት ሐኪሞችና አንድ የእነርሱ ሠልጣኝ ይመጡ ነበር። ሕመምተኛው በአማርኛ ይናገራል፤ ኢትዮጵያዊው ሠልጣኝ ለመምህሩ ይተረጉማል። አሁን የማይገባውና የሚያስተረጉመው መምህሩ ሆነ። እኔ በለንደን ስለ ሆድ ለማስረዳት የታገልሁትን ትግል እነዚህ ሠልጣኞች በየዕለቱ፣ በራሳቸው ግቢ፣ በራሳቸው ሕመምተኛ ፊት አደረጉት። ሊቀር የሚችለውን ሰው አገር ውስጥ ስለማስቀረቱ ብዙ ይወራለታል፤ ልክ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ ያላነሰው ነገር የትርጉሙ አቅጣጫ መለወጡ ነው።

በዚህ አዳራሽ የነጻ ትምህርት ደብዳቤ በኪሳቸው የያዙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያጻፉት እኔን ነው። ሂዱ። የኔን ወዳጅ ዐይነት ነገር ከገጠማችሁ ግን ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለአማካሪም ባይሆን አጠገባችሁ ላለው። እኔ ያንን ሳላደርግ ቀርቼ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ከለንደን እንደተመለስሁ በአንድ ጥናት ላይ መጠይቅ ሞይ ሆንሁ። ያቺው የሃያ ጥያቄ ወረቀት፣ በሌላ ሰው የተተረጐመች። አንዲት እናት ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ መልሱ አጭር ነው። ስለ ሆድ የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ዝም አለ። እናቱ ነጠላቸውን አስተካከሉና «አይ፣ አያመውም የኔ ልጅ፤ ሆዱን ባር ባር ይለዋል እንጂ። በተለይ ሲመሽ» አሉኝ። «ለአስታማሚ አይቈጠርም፣ እርሱ ራሱ ይመልስ» የሚል መመሪያ ነበረን። ልጁ ቀና ብሎ እናቱን አየና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ የተናገሩትንም ቃል በቃል በኅዳጉ ላይ ጻፍሁት። ወረቀቱ ወደ መረጃ መዝጋቢዋ ሄደ። እርሷ «አዎ»ን አንድ ብላ አስገባች፤ ከዚያ ወረቀቱን አዙራ እያሳየችኝ «ይህ በዳር የጻፍኸው የት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ።